በስፖክ አንጎል አትሳቁብኝ

የ«ስታር ትሬክ» ወዳጆችን «ከሁሉ የወረደው ክፍል የቱ ነው?» ብላችሁ ጠይቋቸው። ሳያስቡ «የስፖክ አንጎል» ይሏችኋል፤ ከዚያ ይስቃሉ። እኔም ስቄያለሁ። አዳማ፣ ሠፈራችን ካለ ሱቅ በፍላሽ አስጭነን ከታላቅ ወንድሜ ጋር ስናየው ሆዳችንን ይዘን ነበር። ዘንድሮ ብቻዬን ደገምኩትና ሳቁ አልመጣ አለኝ።

ላላያችሁት፦ በሴፕቴምበር 20 ቀን 1968 የተላለፈ የሦስተኛው ምዕራፍ መክፈቻ ነው። ካራ የምትባል ሴት መርከቧ ላይ ድንገት ትከሰትና ሠራተኛውን ሁሉ አስተኝታ የስፖክን አንጎል ይዛ ትሄዳለች። አንጎል አልባው ስፖክ በሪሞት እየተነዳ (አዎ፣ በሪሞት!) ከካፒቴን ከርክና ከዶክተር ማኮይ ጋር ፍለጋ ይወጣል። የደረሱበት ዓለም ላይ ወንዶቹ በበረዶ ይንቀጠቀጣሉ፤ ሴቶቹ ከመሬት በታች በሙቀት ይኖራሉ። የሴቶቹን አየር፣ ሙቀትና ውሃ የሚያስተዳድረው ማሽን የሚሠራው በአንጎል ነው። የድሮው አንጎል አበቃለት፤ ስለዚህ ሌላ ሰረቁ።

«አንጎል እንዴት ይሰረቃል?» የሚል ፈረንጅ ቢሆን እሺ። እሱም ቢሆን ዶክተር ባርናርድ ኬፕታውን ላይ የመጀመሪያውን የሰው ልብ ንቅለ ተከላ ካደረገ ገና ዘጠኝ ወሩ እንደነበር ቢያስታውስ ጥሩ ነው። የናዝሬት ልጅ ሲጠይቀኝ ግን ይገርመኛል። ወንድሜ የውሃ ፓምፕ ኤሌክትሪሺያን ነበር። ፓምፑ ሲቆም በእኩለ ሌሊት በራችን ይንኳኳ ነበር። ዛሬ ከቀይ ባሕር ማዶ፣ አንድ ትልቅ ሕንፃ ምድር ቤት ውስጥ፣ አየር ማቀዝቀዣና የውሃ ፓምፕ ይጠብቃል። ከላይ የሚኖሩት ስሙን አያውቁም። እስቲ ከስፖክ በምን ይለያል? አንጎሉን ከነሰውነቱ ወሰዱት እንጂ።

ከሁሉ የሚሳቀው ደግሞ ካራ ስትያዝ አንጎል ምን እንደሆነ አለማወቋ ነው። ሰርቃ እንዴት አታውቅም? ነገሩ ግልጽ ነው እኮ። ጥንት ከተማውን የሠሩት ሰዎች የተዉላትን የማስተማሪያ ቆብ አጠለቀች፣ ለጥቂት ሰዓት አወቀች፣ ቀዶ ጥገናውን ሠራች፣ ረሳች። ሞኝ አይደለችም፤ ተጠቃሚ ናት። እኛስ? ቆቃ ግድብ በጣሊያን የጦር ካሳ ተሠራ። ከከተማችን ጥግ ያሉትን 136 የንፋስ ተርባይኖች ቻይናዎች ተከሉ፤ መጀመሪያ 34፣ ቀጥሎ 102፣ በድምሩ 204 ሜጋዋት። ፎቶ እንነሳባቸዋለን። መብራት ሲሄድ ግን ለምን እንደሄደ የሚያውቅ ስንት ሰው አለ? ቻርጀራችንን ይዘን ጀነሬተር ያለው ካፌ ነው የምንፈልገው።

ሁሉንም አልከላከልም። ሴቶቹን እንደ ሕፃን ማናገሩ ሴት ሆኜ ሳየው ያናድደኛል። ስፖክን የሚጫወተው ሊዮናርድ ኒሞይ ራሱ ቀረጻው ላይ ማፈሩን ጽፏል። ይፈር፤ ሪሞቱ ያሳፍራል።

የኔ ጠብ መጨረሻው ላይ ነው፤ ሳቂዎቹ ደግሞ እሱን አያነሱትም። ማኮይ አንጎሉን ይመልሳል፣ ስፖክ መለፍለፍ ይጀምራል፣ ሁሉም ይስቃል። ከተማይቱስ? ሙቀቷ ጠፋ። ከርክ ሴቶቹን ወደ በረዶው ወጥታችሁ ከወንዶቹ ጋር መኖር ትለምዳላችሁ ብሎ በሁለት ዓረፍተ ነገር ገላገላቸው። የመጀመሪያው ብርድ ሌሊት ምን እንደሚመስል ማንም አላሳየንም። እኔ ያንን ነበር ማየት የምፈልገው። እናቴ «ይመለስልኝ» ትላለች፤ ይህን የምትለው እሱ በላከው ገንዘብ በተመታ ቆርቆሮ ሥር ቁጭ ብላ ነው። እኔም ይመለስ እላለሁ። ከዚያ የወሩን ወጪ አስባለሁና ዝም እላለሁ።

ባለፈው እሑድ ሲደውል ደግሜ እንዳየሁት ነገርኩት።

«ሪሞቱን ታስታውሻለሽ?» ብሎ ሳቀ። ከኋላው የማሽኑ ድምፅ ይሰማ ነበር።