የትምህርት ሶፍትዌር በለገጣፎ፦ የዘገየውን ተማሪ የሚጠብቅ ወይስ ሌላ ፕላዝማ?

በ1990ዎቹ መጨረሻ ወደ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች የገባውን ፕላዝማ የዚያ ዘመን ተማሪ አይረሳውም። ትምህርቱ በሳተላይት፣ በእንግሊዝኛ ይተላለፍ ነበር። በስክሪኑ የሚታየው መምህር ጥያቄ ጠይቆ ጥቂት ከታገሠ በኋላ መልሱን ራሱ ተናግሮ ያልፋል፤ ያልገባው ተማሪ እጁን ቢያወጣ የሚያየው የለም። መብራት ከጠፋም ትምህርቱ አመለጠ ማለት ነበር።

ዛሬ ኮምፒዩተር ወደ መማሪያ ክፍል በሌላ በር እየገባ ነው። የ12ኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተና በ2016 ዓ.ም. በከፊል በበይነ መረብ ከተሰጠ ወዲህ የኮምፒዩተር አስፈላጊነት ጎልቶ ታይቷል። ለፈተና የሚገዛው መሣሪያ በቀሩት ወራት ምን ይሥራ የሚለው ጥያቄ ግን እንደ ለገጣፎ ላለች ከተማ ቀላል አይደለም።

ከሰበታ፣ ከቡራዩና ከሱሉልታ ጋር በሸገር ከተማ ሥር የተጠቃለለችው ለገጣፎ ማሳና አዲስ ሰፈር ጎን ለጎን የሚታዩባት ናት። የገበሬው ልጅና ከአዲስ አበባ የመጣው ነዋሪ ልጅ ይገናኙባታል። አንዱ በቤቱ አፋን ኦሮሞ፣ ሌላው አማርኛ ይናገራል፤ አንዱ በቁቤ፣ ሌላው በግዕዝ ፊደል ማንበብ ጀምሯል። አንዱ ስልክ እየነካካ አድጓል፤ ሌላው የሚያጠናው ከብት አግብቶ ሲመለስ ነው። ዓይኑ የሚደክም፣ ጆሮው በደንብ የማይሰማም አለ።

ለገበሬ ይህን ለማስረዳት ሩቅ መሄድ አያሻም። ለአሥርተ ዓመታት ለጥቁሩም ለቀዩም አፈር በሄክታር 1 ኩንታል ዳፕና 1 ኩንታል ዩሪያ ይመከር ነበር፤ የአፈር ካርታ ሲሠራ አንዱ ማሳ ድኝ፣ ሌላው ቦሮን እንደጎደለው ታየ።

በ2004 ዓ.ም. «አንድ ላፕቶፕ ለአንድ ልጅ» የተሰኘው የአሜሪካ ድርጅት በኦሮሚያ ወንጪና ወለንጪቲ ፊደል ላልቆጠሩ ልጆች በፀሐይ ኃይል የሚሞሉ ታብሌቶች ሰጥቶ ነበር። መምህር አልተመደበላቸውም። ልጆቹ በወራት ውስጥ ተዘግቶ የነበረውን ካሜራ ሳይቀር ከፈቱት፤ ዜናው ዓለምን ዞረ። በታብሌቶቹ የተጫነው ትምህርት ግን በእንግሊዝኛ ነበር። ብልህነታቸው የሚያጠራጥር አልነበረም። በእናታቸው ቋንቋ አንዲት ቃል ሳያነቡ የባዕድ ፊደል መዘመር የት ያደርሳቸዋል የሚለው ግን እስከ ዛሬ ሊጠየቅ ይገባዋል።

ያለ ኢንተርኔት የሚሠሩ ነፃ ፕሮግራሞች አሉ። ኮሊብሪ የተባለው በአንድ ኮምፒዩተር ተጭኖ ለሌሎቹ ትምህርት ያካፍላል፤ የትኛው ተማሪ የትኛው መልመጃ ላይ እንደተቸገረም ለመምህሩ ያሳያል። ኤንቪዲኤ ደግሞ በስክሪኑ ያለውን ጽሑፍ ለዓይነ ስውራን በድምፅ ያነባል፤ ድምፁ ሻካራ ቢሆንም አማርኛም ያነባል። በዚህ ረገድ ሸገር ባዶ እጇን አይደለችም፤ ሰበታ ዓይነ ስውራንን ለረጅም ዓመታት ያስተማረ ትምህርት ቤትና የልዩ ፍላጎት መምህራን ኮሌጅ አላት። ለገጣፎ ዕቃ ከመግዛቷ በፊት እዚያ ሄዳ ብትጠይቅ ብዙ ወጪ ታድናለች።

ትልቁ ወጪ ግን የመምህሩ ጊዜ ነው። ስክሪኑ የዘገየውን ልጅ ቢያሳየውም፣ ክፍሉ የተጨናነቀበት መምህር ልጁን ለብቻው የሚያስረዳበት ክፍለ ጊዜ ካልተመደበለት መረጃው ተዘግቶ ይቀራል። ስለዚህ የወላጅ መምህር ኅብረት ስንት ኮምፒዩተር እንደሚገዛ ከመስማቱ በፊት ሊጠይቀው የሚገባ አለ፦ ይዘቱ በየትኛው ቋንቋ ነው? መብራት ሲጠፋስ? ለመምህሩስ በሳምንት ስንት ክፍለ ጊዜ ተለቀቀለት?