ሳይፈተን የሚገዛ መሣሪያ፣ ሳይታሰብ የሚከፈል ዋጋ

በመንዝ ገበያ በግ የሚገዛ ሰው ገንዘቡን ከመቁጠሩ በፊት ጥርሱን ገልጦ ያያል፤ ላቱን ይዳብሳል፤ ጀርባውን በእጁ ጫን ብሎ ሥጋውን ይገምታል። ከመሐል ሜዳ እስከ ቀየት ያለው ደገኛ ይህን የተማረው ከአባቱ ነው። ሻጩም አይቀየምም። ከበጉ በብዙ እጥፍ የሚበልጥ ዋጋ ያለው የሕክምና መሣሪያ ሲገዛ ግን ነገሩ ብዙ ጊዜ ይገለበጣል። ገዢው የሚመረምረው ፕሮፎርማውን፣ የአምራቹን የምስክር ወረቀትና የማስረከቢያውን ቀን ነው። ሣጥኑ ተከፍቶ፣ መሣሪያው ተሰክቶ፣ መብራቱ ከበራ ርክክቡ ተፈጸመ ይባላል።

ለመሆኑ ደም የሚነካ መሣሪያ እንዴት ነው የሚዳበሰው? መልሱ ቀላል ነው፤ በፓምፕ። በውጭው ዓለም የሰው ሠራሽ የልብ ቫልቭና የደም ሥር ማስፊያ አምራቾች ዕቃቸውን በሽተኛ ላይ ከመሞከራቸው በፊት እንደ ልብ በሚመታ ፓምፕ ላይ ያስሩታል። የጤነኛ ሰው ልብ በደቂቃ 70 ጊዜ ያህል ይመታል፤ በእያንዳንዱ ምት 70 ሚሊ ሊትር ገደማ፣ በደቂቃም ወደ 5 ሊትር ደም ይገፋል። ይሁንና ውኃ እንደሚስብ ሞተር በአንድ ልክ አይገፋም። ደሙ ከልብ የሚወጣው በምቱ ሲሶ በሚሆን ጊዜ ውስጥ ብቻ ነው፤ የቀረው ጊዜ ልብ የሚሞላበት ነው። የመፈተኛው ፓምፕ ፒስተን ይህንኑ መግፋትና ማረፍ ይደግማል። አየር የታመቀበት ጋን የደም ሥርን መለጠጥ ይተካል፤ ቱቦውን የሚያጠብ ቧንቧ ደግሞ የትናንሾቹን ሥሮች መቋቋም ይተካል። ለደሙ ምትክ የሚሆነው ውኃና ግሊሰሪን ተቀላቅሎ ነው።

ይህ የቅንጦት ሥራ የሚመስለው ነጋዴ ቢኖር የብዮርክ ሻይሊን ቫልቭ ታሪክ ያስታውስ። ይህ የልብ ቫልቭ እ.ኤ.አ. ከ1979 እስከ 1986 ድረስ በዓለም ዙሪያ ወደ 86,000 ለሚጠጉ ሰዎች ተገጥሟል። ዲስኩን የሚይዘው የተበየደ ብረት በአንዳንዶቹ ላይ እየተሰበረ ሕይወት በማጥፋቱ በ1986 ከገበያ ወጣ። ቆይቶ በላቦራቶሪ እንደተጣራው ዲስኩ በሚዘጋበት ቅጽበት አልፎ አልፎ ከልክ በላይ እየዞረ የብረቱን ጫፍ ይመታ ነበር። ይህን ዓይነቱን ጉድ በአንድ ልክ የሚፈስ ውኃ አያወጣውም። የሚያወጣው እንደ ልብ የሚመታ ፓምፕ ነው። ዓለም አቀፉ የቫልቭ መመዘኛም ጠንካራው ቫልቭ 400 ሚሊዮን ጊዜ ተከፍቶ እንዲዘጋ ይጠይቃል፤ ይህም የአሥር ዓመት የልብ ምት ያህል ነው።

ነገሩ ለኢትዮጵያ ሩቅ አይደለም። በጉሮሮ ሕመም ጀምሮ የልብ ቫልቭ የሚያበላሸው የሩማቲክ በሽታ በአገሪቱ ብዙ ሕፃናትንና ወጣቶችን ይጎዳል። ዶክተር በላይ አበጋዝ የመሠረቱት የልብ ሕሙማን ሕፃናት መርጃ በጥቁር አንበሳ ሆስፒታል ቅጥር ግቢ ማዕከሉን በ2001 ዓ.ም. ከመክፈቱ በፊት የቀዶ ሕክምና ተስፋው ውጭ አገር መላክ ነበር። ዛሬ አንዲት የመንዝ ልጅ ቫልቭ ሲገባላት ያ ዕቃ ዕድሜዋን ሙሉ አብሯት የሚኖር ነው። እንደ በግ ገበያ ወስዶ መመለስ የለም።

አንድ ሌላም ጉዳይ አለ። በአንዲስ ተራሮች የሚኖሩ ሰዎች ደማቸው ይወፍራል። እ.ኤ.አ. በ2002 ሲንቲያ ቢልና ባልደረቦቻቸው ባወጡት ጥናት ግን በሰሜን ተራሮች 3,530 ሜትር ከፍታ ላይ የሚኖሩ 236 ኢትዮጵያውያን የሄሞግሎቢን መጠናቸው ከባሕር ጠለል ነዋሪ እምብዛም የማይለይ ሆኖ ተገኝቷል። እንግዲህ ለደገኛው የሚሆነው የመፈተኛ ፈሳሽ ውፍረት ከአንዲስ መጽሐፍ ተገልብጦ የሚወሰድ አይደለም። አገሬው ራሱ ለክቶ የሚያወጣው ነው።

«የቫልቭ ፋብሪካ በሌለበት አገር የመፈተኛ ፓምፕ ምን ይሠራል?» የሚል ነጋዴ ይኖራል። ጥያቄው ተገቢ ነው። የቫልቩን 400 ሚሊዮን ምት መቁጠር የአምራቹ ሥራ ነው፤ ማንም ያንን አዲስ አበባ ላይ ይደገም አይልም። ገበያው ያለው በየሆስፒታሉ በሚሠሩት መሣሪያዎች ላይ ነው። የዲያሊሲስ ማሽን ለምሳሌ ደሙን የሚገፋው ቱቦ በሚጨፈልቅ ሮለር ነው። መስታወቱ ላይ በደቂቃ 300 ሚሊ ሊትር ቢል በ4 ሰዓት 72 ሊትር ደም አለፈ ማለት ነው። ሮለሩ ልኩን ስቶ ትክክለኛው ፍሰት በ10 በመቶ ቢያንስ 7.2 ሊትር ሳይታጠብ ይቀራል። በሽተኛው የሙሉውን ከፍሎ ጎዶሎውን ይዞ ይሄዳል፤ ማሽኑ ግን መብራቱ አልጠፋም። የመድኃኒት ማንጠባጠቢያ ፓምፖችና የደም ግፊት መለኪያዎችም ጉዳይ ያው ነው።

ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የውጭ ምንዛሪ ተመን ለገበያ ከተለቀቀ ወዲህ አንድ ዶላር ከ57 ብር ገደማ ተነስቶ በጥቂት ሳምንታት ከ100 ብር አልፏል። ይህ ማለት ያለውን ማሽን ልክ አስጠብቆ ማቆየት አዲስ ከማስመጣት የተሻለ ንግድ ሆኗል ማለት ነው። አዋጅ ቁጥር 1112/2011 የሕክምና መሣሪያዎችን ደኅንነትና ጥራት ከቁጥጥር ሥር አስገብቷል፤ ሕጉ ግን የሚለካ እጅ ይፈልጋል። አዲስ አበባና ጅማ ዩኒቨርሲቲዎች ባዮሜዲካል መሐንዲሶች ያሠለጥናሉ። ፓምፑ፣ የሲሊኮን ቱቦውና የግፊት መለኪያው በአንድ ጠረጴዛ ላይ የሚያርፉ ናቸው። ደብረ ብርሃን ላይ ቢተከል የሰሜን ሸዋ ሆስፒታሎች በቅርብ ያገኙታል፤ አዲስ አበባም 130 ኪሎ ሜትር ብቻ ናት።

ከሁሉ በፊት የሚያስፈልገው ግን ፈታኙ ከሻጩ መለየቱ ነው። አስመጪው የራሱን ዕቃ ራሱ ፈትሾ ማኅተም ቢመታ ወረቀት በወረቀት ላይ ይደረባል እንጂ ገዢ አይጠቀምም። ደላላውም ኮሚሽኑን ርክክብ ላይ ሳይሆን ፍተሻው ሲያልፍ ቢቀበል የሚያመጣው ዕቃ በራሱ ጊዜ ይሻሻላል። ጨረታ የሚያወጡ ሆስፒታሎችም «በገለልተኛ ወገን ይፈተሻል» የምትል አንዲት መስመር በሰነዳቸው ቢጨምሩ ባለሀብቱ ገበያው የት እንዳለ ለማወቅ አማካሪ አያስፈልገውም።

የመንዙ በግ ገዢ ሻጩን ሌባ ነው ብሎ አይደለም ላቱን የሚዳብሰው። ገንዘቡን ስለሚያከብር ነው። የሰው ደም የሚያልፍበትን ዕቃ የሚገዛና የሚሸጥ ሁሉ ቢያንስ የዚያን ያህል ሊጠነቀቅ ይገባዋል።