እንቁራሪት ምን ትበላለች?



በአውሮፓና በአሜሪካ እንቁራሪትን በመስታወት ሣጥን አኑሮ መመገብ የተለመደ ነው። በዚያ ከሚኖሩት ወገኖቻችን ልጆች መካከልም ልማዱን ከጓደኞቻቸው ወስደው እንቁራሪት እንዲገዛላቸው የሚለምኑ አይታጡም። በአገራችንም ቢሆን በክረምት ጅራታሙን የእንቁራሪት ግልገል ከኩሬ በጣሳ ቀድቶ ወደ ቤት የሚያመጣ ልጅ አለ። ወላጅ ይህን ሲያይ ወይ ይቈጣል፥ ወይ ይስቃል። እኛ ግን አስቀድሞ መጠየቅ የሚገባው ምን እንደምትበላ ነው እንላለን። በሜዳ ያለችው ምግቧን ራሷ ትፈልጋለች፤ በሣጥን የተዘጋችው ግን ሕይወቷ በሙሉ በአሳዳሪዋ እጅ ነውና።

እንቁራሪት በግልገልነቷና ካደገች በኋላ የምትበላው አንድ አይደለም። ጅራት ሳላት አብዛኛውን ጊዜ በውኃ ውስጥ በድንጋይና በቅጠል ላይ የሚበቅለውን አረንጓዴ ዝልግልግ እየፋቀች ትበላለች፤ አንጀቷም ረጅምና የተጠቀለለ ነው። ለዚህች ግልገል ተቀቅሎ የለሰለሰ የሰላጣ ቅጠል በጥቂቱ ይሰጣታል። እግር አውጥታ ጅራቷ ሲከስም ግን አንጀቷ ያጥራል፤ በእነዚያ ቀኖች መብላት ትታ ከሚከስመው ጅራቷ በምታገኘው ኃይል ትኖራለች። ከዚያ በኋላ ሥጋ በል ትሆናለችና ቀድሞ የወደደችውን ቅጠል ብንሰጣት አትነካውም።

ያደገች እንቁራሪት በጠቅላላው የሚንቀሳቀሰውን እንጂ የቆመውን ምግብ አታውቀውም። በ1959 እ.ኤ.አ. በአሜሪካ ጀሮም ሌትቪንና ሦስት ባልደረቦቹ ስለ እንቁራሪት ዓይን ባሳተሙት የታወቀ ጥናት፥ በዙሪያዋ ያለው ምግብ ካልተንቀሳቀሰ በምግብ መካከል ተቀምጣ በረኃብ እንደምትሞት ገልጸዋል። ስለዚህ እንጀራ ቢፈረፈርላት ወይም ወተት ቢቀዳላት የሰጪውን ደግነት ያሳያል እንጂ ለእርሷ ምግብ አይሆናትም። እርግጥ ሁሉም ዓይነት አንድ አይደለም። የደቡብ አፍሪካዋ ጥፍራም እንቁራሪት ምላስ የላትም፤ ዕድሜዋን በውኃ ውስጥ ስለምታሳልፍ የሞተውንም ምግብ በማሽተት አግኝታ በእጆቿ ወደ አፏ ትከተዋለች።

በየብስ ለምትኖረው ተስማሚ የሚሆኑት በሕይወት ያሉ ፌንጣ፥ በረሮ፥ ዝንብና የመሬት ትል ናቸው። የሚሰጣትም ነፍሳት ስፋቱ በሁለቱ ዓይኖቿ መካከል ካለው ርቀት መብለጥ የለበትም። ታዳጊዋ በየቀኑ ትመገባለች፤ ላደገችው በሳምንት ሁለት ወይም ሦስት ጊዜ ይበቃታል። ያልተበላው ከሣጥኑ ይውጣ፤ የተራበ ፌንጣ የእንቁራሪቷን ቆዳ ይነክሳልና።

ብዙ ሰው የሚስተው ግን ቀጥሎ ያለው ነው። በፌንጣና በመሰሎቹ ሰውነት ውስጥ ፎስፈረስ ብዙ፥ ካልሲየም ግን ጥቂት ነው። ስለዚህ እንቁራሪቷ ሁልጊዜ ጠግባ እያደረች እንኳ አጥንቷ ይለሰልሳል፥ መንጋጋዋም ይጣመማል። መከላከያው ሁለት ነው። አንደኛው፥ ነፍሳቱን ከመስጠት በፊት የካልሲየምና የቫይታሚን ዲ ዱቄት መነስነስ ነው። ሁለተኛው፥ ነፍሳቱን ራሳቸውን ከአንድ ቀን በፊት ጀምሮ ቅጠልና የእህል ዱቄት ማብላት ነው፤ የተራበ ፌንጣ ለበላተኛው የሚያተርፈው ጥቂት ነውና።

ውኃን በተመለከተ፥ እንቁራሪት በአፏ አትጠጣም፤ በቆዳዋ ትመጠዋለች። ቆዳዋ ውኃውን ሲቀበል በውስጡ ያለውንም መርዝ አብሮ ይቀበላል። ስለዚህ የቧንቧ ውኃ ለዓሣ አርቢዎች በሚሸጠው መድኃኒት ክሎሪኑ ሳይጠፋ አይሰጣት፤ የተባይ መድኃኒት ከተረጨበት ማሳም ነፍሳት አይያዝላት። ልጆችም እንቁራሪቷን ወይም ሣጥኗን ከነኩ በኋላ እጃቸውን በሳሙና ይታጠቡ፤ ሳልሞኔላ የተባለው የሆድ በሽታ ከእርሷ ወደ ሰው ይተላለፋልና።

ይህን ሁሉ ማድረግ የማይቻል ከሆነ ከኩሬ የመጣችው ግልገል በዚያው ቀን ወደ መጣችበት ኩሬ ትመለስ። ከሱቅ የተገዛችው ግን በሜዳ አትለቀቅ፤ የአገሩን እንቁራሪቶች የሚፈጅ የቆዳ በሽታ ይዛ ልትወጣ ትችላለችና።

እንግዲህ ወላጆች ሆይ፤ ልጅ እንቁራሪት ሲያመጣ ጣሳውን ከመድፋት በፊት ምን እንደምትበላ ራሱ መርምሮ እንዲነግራችሁ ጠይቁት። ለሌላው መስጠት ብቻውን እንደማይበቃ፥ የሚሰጠውም ነገር ለተቀባዩ የሚስማማ መሆኑን አስቀድሞ ማወቅ እንደሚገባ ከዚህች ትንሽ ፍጥረት ይማራል። ይህን በልጅነቱ የተማረ፥ ሲያድግ በእጁ የሚጣልበትን የሰው አደራ አያጐድልም።