ሰነድም እንደ ጭነት በአጭሩ መንገድ ይሂድ

ወረታ የመንገዶች መገናኛ መሆኗን የሚነግድባት ሁሉ ያውቃል። ከባሕር ዳር ወደ ጎንደር የሚወጣው መኪና በርሷ ያልፋል፤ የደብረ ታቦርና የወልድያ መንገድም ከርሷ ይገነጠላል። የፎገራን ሩዝ ለጎንደር ገበያ የሸጠ ነጋዴ ጭነቱን አስቀድሞ ወደ አዲስ አበባ ቢወስደው፣ ኪሳራውን ለመገመት ሒሳብ ዐዋቂ አያስፈልገውም።

በሰነድ ረገድ ግን ይህን የመሰለ ዙሪያ ጥምጥም ሲደረግ ይታያል። የሒሳብ መዝገቡ፣ ኢንቮይሱና ዲክላራሲዮኑ በሩቅ ሰርቨር ተቀምጦ ሳለ፣ ለጥንቃቄ ሁለተኛ ቅጂ በሌላ ሰርቨር እንዲኖር ሲፈለግ፣ ጸሐፊው ፋይሉን ሁሉ ወረታ ወዳለው ኮምፒዩተር ያወርዳል፤ መልሶም ይጭናል። ለአንድ ጭነት ሁለት ጊዜ የመሥመር ዋጋ ይከፈላል። መሥመሩ በመካከል ቢቋረጥ ደግሞ ድካሙ ከንቱ ይሆናል። በ2015 ዓ.ም. መጨረሻ የሞባይል ኢንተርኔት በአማራ ክልል ሲቋረጥ፣ መሥመር ሁልጊዜ የማይገኝ ዕቃ መሆኑን ነጋዴው ተረድቷል።

መድኃኒቱ ኤስሲፒ የተባለው የመቅጃ ትእዛዝ ነው። የቆመውም በኤስኤስኤች ላይ ነው፤ ይህንንም ፊንላንዳዊው ታቱ ኢሎነን እ.ኤ.አ. በ1995 የሠራው በዩኒቨርሲቲው መረብ የይለፍ ቃል ከተሰረቀ በኋላ ነበር። በዚህ ትእዛዝ ፋይሉ ተመስጥሮ ከአንዱ ሰርቨር ወደ ሌላው በቀጥታ ሊሄድ ይችላል። ነገር ግን እ.ኤ.አ. ከ2021 ወዲህ የወጣው ኦፕንኤስኤስኤች ሌላ ነገር ካልታዘዘ በስተቀር ፋይሉን በአዛዡ ኮምፒዩተር በኩል ያሳልፈዋል። በቀጥታ እንዲሄድ የፈለገ ሰረዝና ትልቁን የላቲን ፊደል «አር» መጨመር አለበት። ከዚህም የሚሻለው ወደ መጀመሪያው ሰርቨር ገብቶ ትእዛዙን እዚያው መስጠትና ጸሐፊው ቢወጣም እንዲቀጥል ማድረግ ነው።

ልማዱ የተለወጠው ያለ ምክንያት አይደለም። በቀጥታ ሲላክ የመጀመሪያው ሰርቨር የሁለተኛውን በር መክፈት አለበት፤ ይህም የመጋዘንን ቁልፍ ለሾፌር እንደ መስጠት ነው። ስለዚህ ለዚሁ ሥራ ብቻ የሚያገለግል የተለየ ቁልፍ ይዘጋጅ፤ ከአንድ ማኅደር በላይ አይክፈት፤ ሥራው ሲያልቅም ይሻር።

ጆንያ ሲጫንና ሲራገፍ እንደሚመዘን፣ ፋይሉም በሁለቱም ወገን በኤስኤችኤ-256 ተሰልቶ ቁጥሩ ይመሳከር። ቁጥሩ አንድ ካልሆነ ጭነቱ ጎድሏል ማለት ነው፤ የመጀመሪያውም ቅጂ ከዚያ በፊት ሊጠፋ አይገባም።

ባለ ሱቁም ሆነ ላኪው ትእዛዙን በቃሉ እንዲያጠና የሚያስገድደው የለም። ነገር ግን ሰነዱ በየት እንደሚያልፍና ቁልፉ በማን እጅ እንዳለ ባለሙያውን መጠየቅ ይገባዋል። የመኪናውን መንገድ የሚጠይቅ ነጋዴ የመዝገቡን መንገድ ሳይጠይቅ ሊቀር አይገባውም።