ቶንዶስ መዋዋስ ይቅር

ክቡር አዘጋጅ ሆይ፤

እኔም እንደ ባልደረቦቼ የኤሌክትሪክ ቶንዶስ ገዝቼ ልጆቼን በቤቴ አስተካክላለሁ። ነገሩ መልካም ነው፤ የሚያሳስበኝ መዋዋሱ ነው።

ቶንዶሴ ከጎረቤት ጎረቤት ሲዞር ከርሞ በተመለሰ ጊዜ ጥርሱን ሳልጠርግ የሰባት ዓመት ልጄን አስተካከልሁበት። ከሳምንታት በኋላ አናቱ ላይ እንደ ሳንቲም የከበበ ቆረቆር ወጣበት። ቅባት ብቀባውም አልለቀቀውም፤ በሽታው ከጠጉሩ ሥር ስለሚገባ ለሳምንታት የሚዋጥ መድኃኒት ይፈልጋል። በአሰላ ብርድ ልጆች ቆብም ስለሚዋዋሱ ከየት እንደመጣ በእርግጥ መናገር አልችልም፤ ስለዚህ ጎረቤት አልወቅስም። ጥርሱን ያልጠረግሁት ግን እኔው ነኝ።

የሚገዛ ሰው ከመልኩ ይልቅ ጥርሱ ተፈትቶ የሚጸዳ መሆኑን ይመልከት። መብራት ስለሚጠፋ ባለ ባትሪው ይሻላል። ዘመድ ከአሜሪካ የላከው ለ110 ቮልት ብቻ የተሠራ እንደሆነ በእኛ 220 ይቃጠላል፤ አንዱን አቃጥያለሁ።

ከእያንዳንዱ ራስ በኋላ ከሶኬት ነቅሎ ጠጉሩን በብሩሽ ማራገፍ፣ ቀጥሎም ጥርሱን በ70 በመቶ አልኮል ማራስ ያስፈልጋል። አልኮል እሳት ስለሚይዝ ሳይደርቅ አይበራም። ራስ ካደማ ግን ያ ጥርስ ለሌላ ሰው አይሁን፤ የሄፓታይተስ ቢ ቫይረስ ከሰውነት ውጭ ቢያንስ 7 ቀን ይቆያልና።

«አውሰኝ» ላለ ጎረቤት እምቢ ማለት ነውር መሆኑን አውቃለሁ። ስለዚህ አሁን «ቶንዶሱ ከቤት አይወጣም፤ ልጁን ይዘው ይምጡ፣ ቡናም አለ» እላለሁ። አንዱ ተቀይሞኛል፤ ሌሎቹ ቅዳሜ ቅዳሜ ይመጣሉ።

አንድ መምህር
ከአሰላ