ሰማያዊው አለላ

በአርባ ስድስት ዓመቴ የሥዕል ተማሪ መሆኔን በዚህ ገጽ ላይ ነግሬያችኋለሁ። ቅዳሜ ቅዳሜ ልጆቼ ከአልጋ ሳይወርዱ ቀለም የነካካው ሸሚዜን ለብሼ እወጣለሁ። አብረውኝ ከሚማሩት አብዛኞቹ በዕድሜ የልጄ እኩዮች ስለሆኑ «እትዬ» ይሉኛል። መምህራችንም ከእኔ ያንሳል፤ ሲያርመኝ እንኳ «እርስዎ» እያለ ነው። «እርስዎ ጥቁር ቀለም ይወዳሉ» አለኝ አንድ ቀን። በትሕትና የተሰነዘረ ኩርኩም ነበር።

እውነቱን ነው። ያን ጊዜ የእናቴን ፊት ከፎቶ እያየሁ እሥል ነበር። እናቴ ቀይ ዳማ ናት። ከጉንጯ ሥር ያለውን ጥላ ለማምጣት በፊቷ ቀለም ላይ ጥቁር ጨመርኩበት፤ ጭቃ ሆነ። ነጭ ጨመርኩበት፤ አመድ ሆነ። በሦስተኛው ሳምንት ሸራው ላይ ያለችው ሴት ዕድሜዋን በሙሉ ከማድቤት ጭስ ያልወጣች ትመስል ነበር። መምህሩ የጥቁሩን ቀለም ቲዩብ ከሣጥኔ አውጥቶ ኪሱ ከተተና «ለአንድ ወር ያለዚህ ይሥሩ» አለኝ።

በምትኩ የሰጠኝ ሥራ የሕፃናት ጨዋታ ይመስላል። አንድ ግራጫ ቀለም በጥብጬ በትናንሽ ካርቶኖች መሃል ቀባሁት፤ ዙሪያውን ግን በየካርቶኑ የተለያየ ቀለም አደረግሁ። ያው አንዱ ግራጫ በቢጫ ሲከበብ ወደ ወይን ጠጅ ያደላል፤ በሰማያዊ ሲከበብ ደግሞ ሞቅ ብሎ ብርቱካንማ ይሆናል። ከአንድ ሳህን የወጣ መሆኑን እያወቅሁ ዓይኔ አልቀበልም አለኝ። ባለቤቴን ጠርቼ አሳየሁት። «ሁለት ቀለም ነው» ብሎ ተከራከረኝ፤ የቀረውን ከሳህኑ አሳይቼው እንኳ ሙሉ በሙሉ አላመነኝም።

ይህን ነገር በወጉ ያጠናው ሚሼል ኤዥን ሸቭረል የሚባል ፈረንሳዊ ኬሚስት ነው። እ.ኤ.አ. በ1824 ፓሪስ ውስጥ ጎብለን በተባለው የታወቀ የምንጣፍና የግድግዳ ጌጥ መሸመኛ የማቅለሚያው ክፍል ኃላፊ ሆነ። ብዙም ሳይቆይ ጥቁሩ ክር ጥቁረት ይጎድለዋል የሚል ስሞታ መጣበት። ክሩን ከሌሎች አገሮች ክር ጋር ሲያስተያየው እንከን አላገኘበትም። ጥቁሩን ያደከሙት አጠገቡ የተሸመኑት ሰማያዊና ወይን ጠጅ ክሮች ነበሩ። በ1839 ያሳተመውን መጽሐፍ ከዚያ ወዲህ ስንት ሠዓሊ አገላብጦታል። (ዕድሜውም ያስቀናል፤ 102 ዓመት ኖሯል።)

እኔ ግን ይህን ሳነብ ትዝ ያለችኝ እናቴ ናት። እናቴ ጃናሞራ፣ መካነ ብርሃን ተወልዳ በትዳር ጎንደር ከተማ የገባች ሴት ናት። ስፌት የተማረችው እዚያው ደጋ ላይ ከእናቷ ነው። አክርማውን በቀለም አፍልታ አለላ ታደርገዋለች፤ ከዚያ በወስፌ እየወጋች በስንደዶው ላይ ትጠመጥመዋለች። እኔ ልጅ ሆኜ አጠገቧ ስቀመጥ «ቀዩን ከጥቁር ጎን አድርጊው፣ ይነሣል፤ ከብርቱካኑ ጎን ካደረግሽው ይተኛል» ትለኝ ነበር። ሸቭረል በወፍራም መጽሐፍ የጻፈውን እሷ በአንድ ትንፋሽ ጨርሳዋለች። እኔ ግን ሠላሳ ዓመት ቆይቼ፣ ወርኃዊ ክፍያ እየከፈልኩ ተማርኩት።

ካለፉት ሁለት ዓመታት ወዲህ እህቴ በስልክ የምትልክልኝ የእናቴ ስፌቶች ፎቶ መልኩ ተለውጦ ነበር። ሰማያዊው ከመሶቦቿ ጠፋ። ብርቱካን፣ ቢጫ፣ ቀይ፣ እንደገና ብርቱካን፤ ቀድሞ ሰማያዊ ይገባበት በነበረው ቦታ ደግሞ ድፍን ጥቁር። እንዴት እንደወደድኩት ልነግራችሁ አልችልም። ለክፍል ጓደኞቼ አሳየኋቸው። መምህሩ ስልኬን ተቀብሎ ረጅም ጊዜ ተመለከተና «በጣም ደፋር ናቸው» አለ። እኔም በእናቴ ድፍረት ኮራሁ። በሰባ ሁለት ዓመቷ አዲስ ነገር የምትሞክር ሴት እናት አለችኝ እያልኩ ስንት ሰው አሰልችቻለሁ!

ለጥምቀት ጎንደር ስወርድ ካርቶኖቼን ይዤ ሄድኩ። ከበዓሉ ማግስት በረንዳው ላይ ተቀምጣ ትሰፋለች። «ሰማያዊውን አቀብይኝ» አለችኝ። ሰጠኋት። በጣቶቿ ዳሰሰችውና «ይሄ አይደለም» ብላ መለሰችልኝ። ሰማያዊ መሆኑን ነገርኳት። ዝም አለች። ያን ጊዜ የጎረቤት ልጅ ከትምህርት ቤት መጣች፤ ደብተሯን አስቀምጣ፣ ማንም ሳያዛት፣ ከእናቴ እግር ሥር ቁጭ ብላ አለላውን በየቀለሙ መለየትና ጫፉን መቋጠር ጀመረች። ለሰማያዊው አንድ ቋጠሮ፣ ለአረንጓዴው ሁለት፣ ጥቁሩ ሳይቋጠር። የሰጠኋት ሰማያዊ ገና አልተቋጠረም ነበር። እናቴ የምትሰፋው በቋጠሮው ነው። ድፍን ጥቁር የገባባቸው መሶቦች ደግሞ ልጅቷ ሳትመጣ የተሰፉት ናቸው።

ካርቶኖቼን አውጥቼ በጨዋታ መልክ ደረደርኩላት። ቢጫውንና ቀዩን ወዲያው ለየች። ከድቅድቅ ሰማያዊ ጀምሮ እየሳሳ የሚሄደውን ረድፍ ስታይ ግን «እነዚህ ሁሉ ያው አንድ ናቸው፤ ስንት ወረቀት ታባክኛለሽ!» አለችኝ። ለምን እንዳልነገረችን ስጠይቃት ወደ ግቢው እያየች መለሰችልኝ፦ «አዲስ አበባ ልትወስዱኝ ነዋ። እኔ ከዚህ ቤት አልወጣም።»

ጎንደር ሆስፒታል የዓይን ክፍል ወሰድኳት። በሁለቱም ዓይኖቿ ላይ የዓይን ሞራ ነበር። በአገራችን የዓይን ብርሃን ከሚያሳጡ ሕመሞች ቀዳሚው ይህ ነው፤ በቀዶ ሕክምና ግን ይነሣል። በዓይናችን ውስጥ ያለው ሌንስ ከዕድሜ ጋር ይደፈርሳል፤ እየደፈረሰም ወደ ቢጫና ቡናማ ይሄዳል። በዚያ ሌንስ በኩል ሰማያዊና ወይን ጠጅ ብርሃን እንደልቡ አያልፍም። ሰማያዊው ይጠቁራል፣ ነጩ ያረጃል። የሚመጣው ቀስ በቀስ ስለሆነ ባለቤቱ ራሱ ብዙ ጊዜ ልብ አይለውም። ጠይቃችሁ ካላወቃችሁ፣ እናንተም ዛሬ ማታ ለአያት ለእናታችሁ ጥቁርና ሰማያዊ ካልሲ አሳዩአቸው።

ሐኪሟ ስታስረዳን እኔ የማስበው ክሎድ ሞኔን ነበር። የፈረንሳዩ ሠዓሊ የዓይን ሞራ እንዳለበት በ1912 ተነገረው። በኋላ የሣላቸው የግቢው ድልድይና ኩሬ እየቀሉ፣ እየቡነኑ ሄዱ፤ ቀለሙን የሚመርጠው በቲዩቡ ላይ በተጻፈው ስምና በልማድ ነበር። በ1923፣ በሰማንያ ሁለት ዓመቱ፣ ቀኝ ዓይኑን ቀዶ ሕክምና አደረገ። ይህን ታሪክ ክፍል ውስጥ ተምሬዋለሁ፤ ማስታወሻም ጽፌበታለሁ። የእናቴን መሶብ ግን «ደፋር» አልኩት።

ቀጠሮዋ እስኪደርስ ሥላሴን ልሳለም ስላለች ደብረ ብርሃን ሥላሴ ሄድን። ታላቁ ኢያሱ የተከሉት፣ በ1880 ዓ.ም ደርቡሾች ጎንደርን ሲያቃጥሉ የተረፈው ቤተ ክርስቲያን ነው። እንግዳ ሁሉ አንገቱን ቀልብሶ በጣሪያው ላይ የተደረደሩትን የመላእክት ፊቶች ያያል፣ ፎቶ ያነሣል፣ ይወጣል። ያናድደኛል፤ ለቀለም ተማሪ ትምህርቱ ያለው በግድግዳው ላይ ነው። ሥዕሉ የተሠራው በጨርቅ ላይ ሆኖ ጨርቁ ግድግዳው ላይ ተለጥፏል። በመጀመሪያው የጎንደር አሣሣል ቀለሙ ጥርት ያለ፣ ገጽታውም ዝርግ ነው። እዚህ ያለው በእቴጌ ምንትዋብ ዘመን የጎለመሰው ሁለተኛው አሣሣል ነው፤ ከሰዎቹ ጀርባ ያለው ቢጫ ቀስ እያለ ወደ ቀይ ወይም ወደ አረንጓዴ ይሸጋገራል፣ ፊቶቹም ክብ ሆነው ይታያሉ። ተጠግቼ አየሁ። በጉንጭና በአንገት ሥር ያለው ጥላ ጥቁር አይደለም። ወደ ቀይ የሚያደላ ቡናማ ነው። ጥቁሩን ያኖሩት ለመስመር፣ ለጠጉርና ለዓይን ብሌን ነው። እኔ ሦስት ሳምንት የታገልኩበትን ነገር እነሱ ከሁለት መቶ ዓመት በፊት ጨርሰውት ሄደዋል።

እናቴ ቀና ብላ ጣሪያውን አየችና «ዛሬስ ሁሉም ቢጫ ሆነዋል» አለች፤ ቀስ ብላ፣ ለራሷ።

የግራ ዓይኗ የካቲት ላይ ተሠራ። ፋሻው በተነሣ ማግስት አልጋዋ ላይ ተቀምጣ ነጠላዋን ዘርግታ አንዱን ዓይኗን በእጇ እየሸፈነች ታያለች። «ነይማ» አለችኝ። «በዚህኛው ሳየው ሻይ የፈሰሰበት ይመስላል። በዚህኛው ግን የሰሜን ተራራ አመዳይ ነው፤ እንዲያውም ሰማያዊ ሰማያዊ ይላል።» እየደጋገመች ትሸፍናለች፣ ትገልጣለች፣ ትስቃለች። ቀለሜን አምጥቼ ነጠላውን ሁለት ጊዜ ሣልኩት፤ አንዱን በቀኝ ዓይኗ፣ አንዱን በግራ። እሷ እየነገረችኝ፣ እኔ እየበጠበጥኩ። «ቢጫ ጨምሪበት። በዛ። አሁን ልክ ነው።» ከዚህ የተሻለ የቀለም መምህር አላገኘሁም፤ ሻይና ዳቦም አበላችኝ።

ቀድሞ የሣልኩትን ፊቷንም በስልኬ አሳየኋት። ተጠግታ አየችው። «ማናት?»

«አንቺ ነሽ እንጂ፣ እማዬ።»

«እኔ እንዲህ ከስያለሁ? ሐኪሟ ያየችኝ ዓይኔን ብቻ ነው፤ ይሄንን ብታይ ኖሮ አልጋ ታስይዘኝ ነበር።»

አሁን እንደገና እየሣልኳት ነው፣ በቡናማና በሰማያዊ ጥላ። መምህሩ ጥቁሩን ቲዩብ መልሶልኛል፤ ለዓይኗ ብሌን አስቀምጬዋለሁ። የቀኝ ዓይኗ ቀጠሮ ከፋሲካ በኋላ ነው።

የተጣላንበት ነገር ግን አለ። ከጎንደር ልመለስ ስል ያን ብርቱካኑን መሶብ አንሥታ በፀሐይ ላይ አዟዟረችው። «ይሄን ነው ለአስተማሪሽ ያሳየሽው?» አለችኝ። አዎ አልኳት። ወስፌዋን አወጣችና ጥቁሩን ረድፍ መፍታት ጀመረች። እንድትተወው ለመንኳት፣ ልገዛሽ ብዬም ገንዘብ አወጣሁ። አልሰማችኝም። ጎረቤት ያለችውን ልጅ ጠርታ ሰማያዊ አለላ ከሱቅ እንድታመጣ ላከቻት፣ «ሳትቋጥሪው አምጪው» ብላ።