የሞተውስ ሰው?

እ.ኤ.አ. በ2014 የወጣው «ኤ ሃርድ ዴይ» የተሰኘው የኮሪያ ፊልም በጥበቡ የተዋጣለት ነው፤ አልክድም። ቻይና፣ ፊሊፒንስ፣ ፈረንሳይና ጃፓን በየቋንቋቸው ደግመው ሠርተውታል። እኔን የሚያንገበግበኝ ይህ ሁሉ ጥበብ ለማን ጥብቅና እንደ ቆመ ነው።

መርማሪ ፖሊሱ ጎ ጎን-ሱ የእናቱ ሬሳ ገና ሳይቀበር፣ ቢሮው በጉቦ ጉዳይ እየተፈተሸ መሆኑን ይሰማል። በሌሊት ሲከንፍ ሰው ይገጫል። አምቡላንስ አይጠራም። ሬሳውን ከመኪናው ኋላ ይጭናል። የሬሳ ቤቱን ካሜራ በፊኛ ይጋርዳል፤ በአየር ማስገቢያው ቀዳዳ በባትሪ የሚሳብ አሻንጉሊት ወታደር ይልካል፤ ሬሳውን በገመድ ጎትቶ ከገዛ እናቱ ሣጥን ውስጥ ይደርበዋል። ከዚያ የሟቹ ስልክ ከሣጥኑ ውስጥ ይጮኻል። አብረውኝ ያዩት ሰዎች እዚህ ላይ ትንፋሻቸውን ዋጡ። ፖሊሱ እንዳይያዝ! የማያውቀው ሰው ሬሳ ሲያልፍ እንኳ ከመቀመጫው የሚነሳ ሕዝብ ልጆች ለገዳይ ተጨነቁ።

ደራሲው ደግሞ ይደርስለታል። መቃብሩ ሲቆፈር ሬሳው ላይ የጥይት ቁስል ይገኛል፤ ተኳሹ ሌላ ፖሊስ ነው፣ ያውም ጎን-ሱን በስልክ ሲያስፈራራ የከረመው። ተመልካቹ እፎይ ይላል። የምን እፎይታ ነው? ጎን-ሱ ያን ሌሊት ስለ ጥይቱ ምን ያውቅ ነበር? ሰው ገደልሁ ብሎ አምኖ ነው የጫነው፣ ገደልሁ ብሎ አምኖ ነው የደበቀው። በኋላ የተገኘ ጥይት ይህን አያጥብም። ፊልሙ ግን አጥቦ አልበቃው፤ መጨረሻ ላይ በገንዘብ የተሞላ መጋዘን ያወርሰዋል። ሟቹም በፖሊስ የሚፈለግ ወንጀለኛ ነበርና ማን እንዳለቀሰለት ግድ የሚሰጠው የለም።

ሌላ መንገድ አልነበረም እንዳትሉኝ። ከዚህ ፊልም አንድ ዓመት ቀደም ብሎ ሩሲያዊው ዩሪ ቢኮቭ «ዘ ሜጀር»ን ሠርቷል። እዚያም ፖሊስ ነው፤ ሚስቱ ምጥ ይዟት ወደ ሆስፒታል ሲበር ልጅ ይገጫል፤ ባልደረቦቹም ያዳፍኑለታል። የተገጨው ልጅ እናት ግን ከፊታችን ትቆማለች፣ ዓይናችንን ማሸሽ አንችልም። አሜሪካኖች ታሪኩን ወደ ኒው ጀርሲ ወስደው እ.ኤ.አ. በ2018 «ሰቨን ሰከንድስ» የተሰኘ ተከታታይ ድራማ ሲያደርጉት፣ ሬጂና ኪንግ በእናትየው ሚና ኤሚ ተሸለመች። ሁለቱም ሥራዎች ሐዘንተኛዋን ስለማይረሱ ማንም አጨብጭቦ አይወጣም።

እኛም ገጭቶ ማምለጥ የሚሉትን ወንጀል የምናውቀው በወሬ ብቻ አይደለም፤ በየመንገዳችን አለ። ስለዚህ ይህን ታሪክ በአማርኛ ለመሥራት የሚያስብ ዳይሬክተር ካለ እለምነዋለሁ፦ ከፖሊሱ መኪና ውረድ። ሟቹ ቤት ግባ፣ ድንኳኑ ሲተከል አሳየን፣ ሚስቱ ፖሊስ ጣቢያ ሄዳ «ነገ ተመለሺ» ስትባል አሳየን። ከዚያ በኋላ ፖሊሱ ባልተያዘ ብሎ የሚጸልይ ተመልካች ካገኘህ ጥራኝና ፊት ለፊት እንነጋገር።